ሰው ምን ይለኛል ብዬ ጾሜን ብሸሽግ በደል ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ምሳ የምንበላው አምስት ሆነን በአንድ ትሪ ነው። ረቡዕና ዓርብ መጾሜን ካወቁ «አክራሪ» ይሉኛል ብዬ ስለምፈራ «ጨጓራዬን ያመኛል» እያልሁ ጥብሱን እተወዋለሁ። ባለፈው ረቡዕ ግን አንዷ ባልደረባዬ ጠቅልላ ስታጎርሰኝ እምቢ ማለት አሳፍሮኝ በላሁ። ይህችው ባልደረባዬ ለጨጓራዬ ብላ ከቤቷ ተልባ በጠርሙስ አምጥታልኛለች። ማተቤንም አንገተ ረጅም ልብስ እየለበስሁ እሸፍነዋለሁ። ጌታ ጾማችሁ ለሰው አይታይ ብሏልና መሸሸጌ ልክ ነው? ወይስ ራሴን እየካድሁ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ የጠቀስሽው ቃል በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ላይ ያለው ነው። ጌታ የወቀሰው «ለሰዎች እንደ ጦመኛ ሊታዩ ፊታቸውን የሚያጠፉትን» ግብዞች ነው። እነዚያ ፊታቸውን የሚያጠወልጉት ሰው እንዲያደንቃቸው ነበር። አንቺ ጾምሽን የምትሸሽጊው ሰው እንዳይንቅሽ ነው። መንገዳችሁ ይለያያል እንጂ የሁለታችሁም ዓይን ያረፈው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ጥቅሱ ለመሸሸግሽ ምስክር አይሆንሽም።

በዚያም ላይ ቤተ ክርስቲያን የግል ጾምና የአዋጅ ጾም ብላ ትለያለች። የንስሓ አባትሽ ቀኖና አድርገው የሰጡሽን፣ ወይም በፈቃድሽ የያዝሽውን ጾም ብትሸሽጊ መልካም ታደርጊያለሽ፤ እርሱ በአንቺና በእግዚአብሔር መካከል ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት የሚቆጠር ነው። ረቡዕ በጌታ ላይ የተመከረበት፣ ዓርብ የተሰቀለበት ዕለት ስለሆነ ምእመናን ሁሉ በአንድነት ይጾሙታል። ነቢዩ ኢዮኤልም ጾምን ቀድሱ ሲል መለከት ንፉ፣ ጉባኤውን አውጁ ብሎ ነው። መለከት የተነፋለትን ጾም በግልጽ መጾም በራሱ ታይታ አይሆንም።

እኔን ከመሸሸግሽ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ጨጓራው ነው። ዝምታ ሌላ፣ ውሸት ሌላ። ቅዱስ ያሬድ «ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን» ብሎናል፤ አንቺ ግን ከጥብስ የከለከልሽውን አፍ ለሐሰት ከፈትሽው። ይህን የምልሽ ልከብድሽ ፈልጌ አይደለም፤ ሰው የፈራ ሰው ወዴት እንደሚደርስ እኔም ስለማውቀው ነው። ተማሪ ሳለሁ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ ከትምህርት ቤቱ በር ሳልደርስ ነጠላዬን አጥፌ በፌስታል ውስጥ እከት ነበር። አንድ ቀን ሙስሊም የሆነ የክፍል ጓደኛዬ አየኝና «ለምን ትደብቀዋለህ? እኔ ሰዓቴ ሲደርስ እሰግዳለሁ፤ ማን ምን አለኝ?» አለኝ። የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ይስቁብኛል ብዬ የፈራኋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ነጠላዬን ልብ ብለውም እንዳላዩት የገባኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ይሉኝታን ሁሉ ክፉ ነው አልልሽም። ለታላቅ ከመቀመጫችን የሚያስነሣን፣ ለቅሶ የሚያስደርሰን እርሱ ነው፤ «ይሉኝታ ቢስ» መባልም ያለ ምክንያት ስድብ አልሆነም። እምነታችንን ሊመራ ሲነሣ ግን ቦታው አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ከአለቆች ብዙዎቹ በጌታ አመኑ፤ ከምኵራብ እንዳይወጡ ፈርተው ግን አልመሰከሩም። ወንጌላዊው ምክንያቱን ሲነግረን «ከእግዚአብሔር ክብር ይልቅ የሰውን ክብር ወደዋልና» ይላል።

ዳንኤልን አስቢ። ዳርዮስ ለ30 ቀን ማንም ከንጉሡ በቀር ሌላ እንዳይለምን ባዘዘ ጊዜ፣ ዳንኤል ቤቱ ገብቶ ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው መስኮት አንጻር በቀን ሦስት ጊዜ ጸለየ። መጽሐፉ «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» የሚላትን ቃል እወዳታለሁ። ሰው ይየኝ ብሎ አዲስ መስኮት አልከፈተም፤ ሰው እንዳያየኝ ብሎም የነበረውን አልዘጋም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ከትሪው አትሽሺ፤ ሽሮሽን አዝዘሽ ከባልደረቦችሽ ጋር ተቀመጪ። ጥብስ የሚበሉትንም በዓይንሽ አትውቀሺ፤ ሐዋርያው የማይበላው በሚበላው እንዳይፈርድ አስጠንቅቋል። ጉርሻ ሲመጣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ጾመኛ ነኝ፤ ነገ ታጎርሽኛለሽ» በያት። በፍቅር የተነገረ እምቢታ የሚያስቀይመው ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ማተብሽ፣ ልብሱን የምትለብሺው ለብርድ ከሆነ ልበሺው፤ ማተብ ከልብስ በላይ ካልዋለ የሚል ሥርዓት የለም። ለመሸሸግ ከሆነ ግን ልብሱን አውልቂው። ማተብሽ በ80 ቀንሽ ስትጠመቂ የታሰረልሽ ክር ነው። በቋንቋችን «ማተብ ያለው ሰው» ስንል ቃሉን የማያጥፍ፣ የሚታመን ሰው ማለታችን አይደል? በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስምሽ፣ በመሥሪያ ቤት በሌላው ስምሽ ትጠሪ ይሆናል፤ ሁለት ስም ይኖርሻል እንጂ ሁለት ሰው አይደለሽም።

ፈሪ ነኝ ብለሽም ተስፋ አትቁረጪ። ኒቆዲሞስ ወደ ጌታ የመጣው በሌሊት ነበር። ያ በሌሊት የመጣ ሰው ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት በስቅለቱ ዕለት መቶ ንጥር ያህል ከርቤና እሬት ይዞ ጌታን ሊቀብር ተገኘ። የዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድም በስሙ ይጠራል።

ስለ ረቡዕዋ ጉርሻና ስለ ውሸቱ ለንስሓ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የሚሉሽንም ፈጽሚ። ከዚያ ተልባ ወዳመጣችልሽ ባልደረባሽ ሂጂ። ስለ ሕመምሽ ተጨንቃ ከቤቷ ጠርሙስ ተሸክማ የመጣች ሰው ናትና እውነቱን ከሌላ ሰው ሳይሆን ከአንቺ አፍ መስማት አለባት። ጠርሙሷንም አጥበሽ መልሺላት።