ራጁ ደህና ነው ይላል፤ ትከሻዬ ግን እምቢ ብሏል

ጥያቄ፦ ደረጃ ላይ ስንሸራተት መደገፊያውን በቀኝ እጄ ያዝኩና ክንዴ ወደ ውጭ ተጠመዘዘ። ራጅ ተነስቼ «ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው» ተባልኩ። ሦስት ሳምንት ማስታገሻ ስውጥ ከረምኩ። አሁንም ሸሚዜን ከኋላ በኩል ሱሪዬ ውስጥ መክተት ያቅተኛል። ሌላ ሐኪም በሲቲ ስካን አይተው «ትንሽ አጥንት ከነጅማቱ ተነቅሎ ከቦታው ርቋል፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል» አሉኝ። የግድ ነው?

መልስ፦ የጻፉልኝ እንዳለ ከሆነ እኔም ይሠሩት እላለሁ። ባይቆዩም ጥሩ ነው።

የላይኛው ክንድ አጥንት ጫፍ ላይ፣ ከፊት በኩል፣ ትንሽ ጉብታ አለች። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞረው ሰብስካፑላሪስ የሚባል ጡንቻ ጅማቱን የሚተክለው እሷ ላይ ነው። ክንድ በኃይል ወደ ውጭ ሲጠመዘዝ ጅማቱ ጉብታዋን ቦጭቆ ይዟት ይሄዳል። እሷ ብቻዋን የምትሰበረው ከስንት አንዴ ስለሆነ ማንም አይጠረጥራትም። ከፊት ለፊት በተነሳ ራጅ ደግሞ ስባሪዋ ከዋናው አጥንት ጋር ተደራርባ ትደበቃለች። በብብት በኩል የሚነሳው ራጅ ነው የሚያጋልጣት።

እኔ ፊልሙን ከማየቴ በፊት ሰውየውን እፈትናለሁ። «መዳፍዎን ሆድዎ ላይ ያድርጉ፤ ክርንዎን ወደ ፊት አውጥተው ሆድዎን ይጫኑ» እላለሁ። ጅማቱ ደህና ከሆነ ክርኑ ንቅንቅ አይልም። ከተነቀለ ክርኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የእጅ አንጓውም እጥፍ ይላል። (ጉዳቱ ትኩስ ሳለ ሕመሙ ራሱ ስለሚያሳስት በሌላ ቀን እደግመዋለሁ።) የሸሚዝዎም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ እጅን ወደ ጀርባ ለመውሰድ ክንድ ወደ ውስጥ መዞር አለበት።

ስባሪው ከቦታው ካልተነቃነቀ ክንድን በጨርቅ ከአንገት ላይ አንጠልጥሎ መጠበቅ ይበቃል። ከ5 ሚሊሜትር በላይ ከራቀ ግን ብዙዎቻችን ወደ ቀዶ ሕክምናው እናደላለን። ሲቆይ ጅማቱ ይሰበሰባል፣ ጡንቻው በስብ ይተካል፤ ያኔ መልሶ መስፋቱ መከራ ነው።

ስባሪው ትልቅ ከሆነ በብሎን ይታሰራል። ትንሽ ወይም የደቀቀ ከሆነ አጥንት ውስጥ በሚተከል ማሰሪያ፣ በክር፣ ጅማቱ ወደ ቦታው ይሰፋል። አንድ ነገር ሐኪምዎን ይጠይቁልኝ፦ «የባይሴፕስ ጅማቴስ?» ይህ የክንድ የፊት ጡንቻ ጅማት ከጉብታዋ አጠገብ ባለው ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ አብሮ ከቦዩ ሊወጣ ይችላል። ኤምአርአይ ቢታይ ይለያል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክንድዎ ይንጠለጠላል። ክንድዎን ሐኪሙ ከፈቀደው በላይ ወደ ውጭ አያዙሩ፤ በዚያ እጅ ወንበር ተደግፈውም አይነሱ። ጡንቻ ማጠንከሩ ወደ 12ኛው ሳምንት ገደማ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ሲፈቅድልዎ ነው።