የቤተሰብ የእንጨት ሥራን ለምትረከቡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፦

የወላጆቻችሁን ወርክሾፕ ለመረከብ የተዘጋጃችሁ ብዙዎቻችሁ ዘመኑን የሚመጥን ዲዛይን ከየት እንደሚገኝ ትጠይቁኛላችሁ። ሰው ቤቱ ውስጥ ከሚያደርገው ነገር ይገኛል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ደንበኛው ቤት ሂዱ።

እዚያም ስትደርሱ የሚወደውን ከመጠየቃችሁ በፊት አኗኗሩን ተመልከቱ፤ ሰው ስለሚወደው ዕቃ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚነግረን ሌላ ቤት ያየውን ነውና። ወንበር ላይ ልብስ ተከምሮ ካያችሁ ቁም ሣጥኑ ጠቧል ወይም ለአጠቃቀም አይመችም። ከምግብ ጠረጴዛው አንዱ ጫፍ ላፕቶፕና ደብተር የማይጠፋበት ከሆነ፣ ቤተሰቡ ራሱ ባይነግራችሁም የሥራ ቦታ ያስፈልገዋል። ቴሌቪዥን ከኋላው ወፍራም በነበረበት ዘመን የሚቀመጥበት ካቢኔ ጥልቅና ከባድ መሆን ነበረበት፤ ስክሪኑ ሲሳሳ ግን ያ ጥልቀት ክፍሉን ያለ ምክንያት የሚያጣብብ ሆነ። ካቢኔው ገመድ የሚደበቅበትና ትናንሽ ዕቃ የሚሰበሰብበት ቦታም መሆኑን ያስተዋሉ ሠሪዎች ዝቅ ያለና ቀጭን አድርገው አስቀጠሉት።

በዚህ ረገድ የማደንቀው የቶኔት ቤተሰብን ነው። ሚካኤል ቶኔት ቪየና ውስጥ የሚሠራ የእንጨት ባለሙያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1853 ድርጅቱን ለአምስት ወንዶች ልጆቹ አስተላለፈ። ጊዜው ካፌዎች የበዙበት፣ ቀላልና ርካሽ ወንበር በብዛት የሚፈለግበት ነበር። በ1859 ያወጡት 14 ቁጥር ወንበር የተሠራው ከስድስት የእንጨት ክፍሎች ሲሆን፣ ክፍሎቹ የሚያያዙት በኮላ ሳይሆን በብሎን ነበር። በመሆኑም የ36 ወንበሮች ክፍሎች አንድ ሜትር ኩብ በሆነ ሣጥን ውስጥ ገብተው ሩቅ አገር ይላኩና እዚያው ይገጣጠሙ ነበር። ቅርጹን የወለደውም የእንጨቱ ጠባይ ነው። በእንፋሎት የለሰለሰ እንጨት ሲጨመቅ ይታገሣል፣ ሲለጠጥ ግን ይሰነጠቃል፤ እነርሱም በሚታጠፈው እንጨት የውጭ ገጽ ላይ የብረት ዝርግ አስረው መለጠጡን ከለከሉ። ዛሬም የሚያስደስተን የዚያ ወንበር ውበት የመጣው ከዚህ ሁሉ ነው።

የዛሬ ደንበኛችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተከራይ ነው፤ ቤት ይቀይራል፣ ደረጃው ጠባብ ነው። ለእርሱ የሚፈታ ዕቃ ሥሩለት፤ ነገር ግን የሚፈታ ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም። ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂና ከኮላ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ውስጥ በቀጥታ የገባ ብሎን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተፈታ ቀዳዳው ይላላል። ስለዚህ ተደጋግሞ በሚፈታው ቦታ ላይ ጥርስ ያለው የብረት ማስገቢያ ቅበሩበት፣ ወይም ዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ብሎንና ዳዶ ተጠቀሙ። ረጅምና ቀላል የሆነ ባለ መሳቢያ ሣጥን ከግድግዳ ጋር የሚታሰርበት ብረት ሳይኖረው ከወርክሾፓችሁ አይውጣ፤ ሕፃን መሳቢያዎቹን ከፍቶ ሲንጠላጠል ይወድቅበታልና፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከደንበኛም ቢሆን አትደራደሩ።

አኗኗር ሲለወጥ የሰው ገላ አብሮ አይለወጥም። መቀመጫው ከመሬት 45 ሳንቲሜትር፣ ጠረጴዛው 75 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን በመካከላቸው 30 ሳንቲሜትር ገደማ ይቀራል፤ ጠረጴዛው ቢታጠፍም ቢጎተትም ይህ ክፍተት ለጭን ያስፈልጋል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ደግሞ መቀመጫውን ጥቂት ከፍና ጠንከር አድርጉት፤ ሲነሡ የሚደገፉበት የክንድ ማሳረፊያም እስከ መቀመጫው ጫፍ ይድረስ። እንጨቱም እንደ ድሮው ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ጋር በወርዱ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ከጣውላ የተሠራ የጠረጴዛ ገጽን በዙሪያው በኮላ አትዝጉት፤ የሚያስረው ብሎን የሚላወስበት ረዘም ያለ ቀዳዳ ተዉለት።

ወላጆቻችሁ ያቆዩአቸውን ፎርማዎችም (የዕቃ ክፍሎች ቅርጽና ልክ የሚወሰድባቸውን ናሙና እንጨቶች) ለማገዶ አትስጡ። እያንዳንዱ ልኬት ለምን እንደተመረጠ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ ምናልባት እናንተ ያረጀ ፋሽን የመሰላችሁ የወንበር ጀርባ ዘንበል ማለት ወገብ እንዲያርፍ ታስቦ የተደረገ ይሆናል። አዲስ ሐሳብ ስታቀርቡላቸውም በኮምፒውተር የተሳለ ሥዕል ብቻ አታሳዩአቸው፤ በርካሽ ጣውላ ሙሉ መጠኑን የጠበቀ ናሙና ሠርታችሁ ይቀመጡበት። ከዚያም ናሙናው ቤት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት ይቆይ፤ ሕፃናትም አረጋውያንም ይጠቀሙበት። የተስተካከለውን ልኬት ከነምክንያቱና ከነቀኑ በአዲሱ ፎርማ ጀርባ ላይ ጻፉት።