የወረቀት ጥገና ቡድን ለምትመሩ ወጣቶች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በወረቀት ጥገና ሙያ ረጅም ዘመን ያሳለፍሁ፣ ከዚያም የሚበዛውን እዚህ ጅማ በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የጥገና ክፍሉን በመምራት የሠራሁ ሰው ነኝ። ይህን የምጽፈው እጃችሁ ለሥራው የተፈታና አሁን ደግሞ «ቡድኑን ምሩ» ለተባላችሁ ወጣቶች ነው። ጥሩ የጥገና ባለሙያ የሚመዘነው በፊቱ ባለው አንድ ገጽ ሲሆን የቡድን መሪ ግን የሚጠየቀው ስለ መደርደሪያው ሁሉ ነው። ስለዚህ በእጅ ሥራው የተመሰገነ ሰው መሪ ሲሆን ከሁሉ የሚከብደው ብሩሹን አስቀምጦ የትኛው መጽሐፍ ዛሬ እንደሚጠገን፣ የትኛው እንደሚቆይ፣ የትኛውም ጨርሶ እንደማይነካ መወሰን ነው።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ለቡናው በረከት የሆነው እርጥበት ለወረቀት ጠላት ነው። በክምችት ክፍሉ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ወጥቶ ሲሰነብት ሻጋታ ለመብቀል ምቹ ሁኔታ ያገኛል፤ አየሩ በማይንቀሳቀስበት ጥግ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ የመሪው የመጀመሪያ ሥራ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ሥር ነው። መደርደሪያው ከውጪው ግድግዳ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ የታችኛው ረድፍም ከወለሉ ከፍ ይበል። የእርጥበት መለኪያ በክፍሉ መካከል ብቻ ሳይሆን ጥጉ ላይም ይኑር፤ ንባቡም በየዕለቱ ይመዝገብ። ብዙ ቤት ውስጥ ያየሁት ልማድ ጠዋት በር እንደተከፈተ «ክፍሉ ይናፈስ» ብሎ መስኮቱን ሁሉ መክፈት ነው። በእኛ አገር ግን የክረምት ማለዳ አየር ጉምና ጤዛ የተሸከመ ስለሆነ እርጥበቱን የምታስገቡት በገዛ እጃችሁ ይሆናል። የውስጡንና የውጪውን ልኬት አነጻጽሩና ፀሐይ ወጥታ አየሩ ሲደርቅ ክፈቱ።

ሻጋታ በታየ ጊዜ የሰው ሁሉ የመጀመሪያ ስሜት ጨርቅ አንስቶ መጥረግ ነው። ይህን ቡድናችሁ ፈጽሞ እንዳያደርግ አስተምሩ። እርጥብ ሻጋታ ሲታሽ ቀለሙ ወደ ወረቀቱ ጭረት (ወረቀቱ ወደ ተሠራበት ቀጫጭን ክር) ሰርጎ የማይለቅ እድፍ ይሆናል። መጽሐፉን ለይታችሁ፣ ገጾቹን ገለጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ አየር በለሆሳስ ይለፍበት፤ ሻጋታው ደርቆ ብናኝ ከሆነ በኋላ ለስላሳ ብሩሽና ሄፓ ማጣሪያ (እጅግ ደቃቅ ብናኝን የሚያስቀር ማጣሪያ) ያለው ቫኪዩም ተጠቀሙ። ባለሙያው ኤን 95 ማስክና ጓንት ሳያደርግ አይቀመጥ። የሰው ሳንባ ከየትኛውም ጥራዝ ይበልጣል፤ ይህን በቡድኑ ፊት በግልጽ መናገር የመሪው ግዴታ ነው።

ስለ ቅደም ተከተል ጥቂት ልቆይ፤ ወጣቶች ከሁሉ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ሞልቶ የፍሎረንስን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሲያጥለቀልቅ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ መጻሕፍትና ሰነዶች በውሃና በጭቃ ተጎዱ። እዚያ የጥገናውን ሥራ ከመሩት አንዱ የነበረው እንግሊዛዊው ፒተር ዋተርስ በኋላ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ ጥገናን በደረጃ የመከፋፈልን አሠራር አዳበረ። አሳቡ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማዳን ስለማይቻል መጀመሪያ ለክምችቱ ሁሉ ቀላል ከለላ መስጠት፣ ሙሉ ጥገናን ግን ለሚገባቸው ጥቂቶች ማቆየት ነው። ለአንድ የተጎዳ መጽሐፍ በልኩ የተሠራ፣ አሲድ ከሌለው ካርቶን የታጠፈ ሣጥን ለመሥራት የሚፈጀው ጊዜ ያንኑ መጽሐፍ ፈትቶ ለመስፋት ከሚያስፈልገው ጋር አይወዳደርም፤ መጽሐፉ ግን በሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ተራውን ለዓመታት ሊጠብቅ ይችላል። የተካነ ባለሙያ ሣጥን ሲያጥፍ መዋል የሙያ ውርደት ይመስለዋል። እንዳልሆነ አሳምኑት፤ ራሳችሁም አብራችሁት እጠፉ።

በተለይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ከእንጨት የተሠራው ወረቀት በውስጡ አሲድ ስለሚፈጥር በራሱ ይቢጫል፣ ይሰባበራል። የቆዩ ጋዜጦቻችንና የመሥሪያ ቤት መዛግብት አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። እነዚህን ገጽ በገጽ እንጠግን ብትሉ ዕድሜያችሁ አይበቃም፤ በሣጥን አኑራችሁ፣ ዲጂታል ቅጂ አንስታችሁ፣ አንባቢው በቅጂው እንዲጠቀም አድርጉ።

ጥገና የሚገባው ሲመጣ ደግሞ ዋናው ሕግ የሠራችሁት ሥራ ወደፊት ሊፈታ የሚችል መሆኑ ነው። ስኮች የተለጠፈበት ገጽ ከጊዜ በኋላ ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ፕላስቲኩ ይላቀቃል፣ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ቀርቶ ይጠቁራል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣላችሁ የተቀደደ ገጽ መጠገንን ከጎኑ ተቀምጣችሁ አሳዩት። ለማጣበቂያው የስንዴ ስታርች በውሃ ተበጥብጦ፣ በዝግታ እሳት ሳይቋረጥ እየተማሰለ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝም በወንፊት ይጠልላል። ለመጠገኛ የምንጠቀምበት ስስና ጠንካራ የጃፓን ወረቀት በመቀስ አይቆረጥም፤ በእርጥብ ብሩሽ መስመር ተሰምሮበት ቀስ ተብሎ ሲሳብ ዳሩ ላይ ረጃጅም ጭረቶች ይቀራሉ፤ እነዚያ ጭረቶች ናቸው ቅዱን ሳያጎብጡ የሚይዙት። ማጣበቂያው በጣም ስስ ይቀባል፣ ከላይና ከታች መጣጭ ወረቀት ይደረጋል፣ ከባድ ነገር ተጭኖበት ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ልጅ ገጹን ያጨማድደዋልና አትቆጡት፤ ሌላ የማይረባ ወረቀት ስጡትና ደግሞ ይሞክር። ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ ንጹሕ እጅ ከጥጥ ጓንት እንደሚሻልም ንገሩት፤ ጓንቱ የጣትን ስሜት ነፍጎ የሳሳውን ገጽ ያስቀድዳልና።

ቡድን ስል የጥገና ባለሙያዎቹን ብቻ ማለቴ አይደለም። ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ውሃ ከማንም በፊት የምታየው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ የምስጥን የአፈር መስመር በግድግዳው ላይ የሚያስተውለው መጻሕፍት የሚመልሰው ሠራተኛ ነው፤ ሌሊት ቧንቧ ቢፈነዳ ስልክ የሚደውለው ጥበቃው ነው። ውሃ የነካው መጽሐፍ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ወይም ወደ በረዶ ማድረጊያ (ፍሪዘር) ካልገባ ሻጋታ ሊያወጣ ስለሚችል፣ የእነዚህ ሰዎች አንዲት ቃል ከእናንተ የወር ሥራ ትበልጣለች። በዕድሜ የሚበልጧችሁን «እርስዎ» በሉ፣ ቡና ሲፈላ ጥሩዋቸው፣ ምን መመልከት እንዳለባቸው በእርጋታ አስረዱ፤ ሲነግሯችሁም ወዲያው ተነሡ። አንድ ጊዜ ነግሮ ያልተሰማ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ከአስተዳደሩ ጋር ስትነጋገሩ ስለ ቅርስ ክብር ብቻ አትናገሩ። የእርጥበቱን መዝገብ፣ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ፎቶ፣ የሣጥኑን ዋጋ ይዛችሁ ግቡ።

በጅማና በአካባቢዋ በየቤተሰቡ እጅ የሚገኙ በዐረብኛና በዐጀሚ (በዐረብኛ ፊደል በአገር ቋንቋ) የተጻፉ የእጅ ጽሑፎች አሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ባለቤቶቹ ምክር ፈልገው ይመጣሉ። በችኮላ «ለቤተ መጻሕፍቱ ስጡን» አትበሉ። መጽሐፉ የአባት የአያት አደራ ነው፤ እምነታቸውን የምታገኙት ደርቆ የሚቀመጥበትን መንገድ ስታሳዩአቸው ነው። በክረምት እርጥበት በላስቲክ አጥብቀው እንዳይጠቀልሉት፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ እንዲሸፍኑት፣ ከመሬትና ከጭስ አርቀው እንዲያኖሩት ምከሩ። እናንተም ውሃ ያለበትን ማንኛውንም ነገር ከማስነካታችሁ በፊት ቀለሙን ለዩ። ከጥላሸት የሚሠራው ጥቁር ቀለም ወረቀቱን አይበላም፣ በውሃ ግን ሊለቅ ይችላል፤ ብረት ያለበት ቀለም ደግሞ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ወረቀቱን ከፊደሉ ሥር እየበላ በጊዜ ሊበሳው ይችላል።

በመጨረሻ ስለ መዝገብ ልንገራችሁ። ያልተጻፈ ጥገና ለሚቀጥለው ባለሙያ እንቆቅልሽ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሣ ፎቶ፣ የጉዳቱ መግለጫ፣ የተጠቀማችሁበት ወረቀትና ማጣበቂያ፣ የሠራው ሰው ስምና ቀን ይመዝገብ፤ ላለመጠገን የወሰናችሁትም ከነምክንያቱ ይጻፍ፤ አለዚያ እናንተ ስትዛወሩ የሚተካችሁ ሰው ተረስቷል ብሎ ሊነካው ይችላል። መዝገቡን ከመጽሐፉ ጋር በአንድ ሣጥን አታስቀምጡ፤ በሌላ ክፍል በፋይል ይቀመጥ፣ የመጽሐፉ መለያ ቁጥር ግን በሁለቱም ላይ፣ በእርሳስ ይጻፍ።