ስትሮክ ያለፈበት ጎን ሲያቃጥል፦ ለጠየቅሽው መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። እናትሽ ስትሮክ ከመታቸው አምስት ወር ሆኗቸዋል። ግራ እጃቸው መንቀሳቀስ ጀምሯል። አሁን ግን ክንዴን እሳት ለቀቀብኝ ይላሉ፣ ነጠላ ሲነካቸው እንኳ ይጮኻሉ። ዲክሎፌናክ ምንም አላደረገላቸውም። ቤት ውስጥ "ያጋንናሉ" ተብሏል፣ ዘመድ ደግሞ ጠበል እንውሰዳቸው እያለ ነው።

አያጋንኑም። እኔም ስትሮክ መትቶኝ የቀረልኝ ይኸው ማቃጠል ነው፣ የኔ በቀኝ በኩል። በዚያ እጄ የሻይ ብርጭቆ ብይዝ ይሙቅ ይቀዝቅዝ አይለይልኝም። ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሲልበት ግን ያንገበግበኛል። አያችሁ፣ ደንዝዞም ያማል! ለዚህ ነው ሰው የማያምነን። በነገራችን ላይ እናትሽ የሚታጠቡበትን ውሃ ሁሌም በደህናው እጃቸው ይሞክሩት፤ በታመመው ከሞከሩ ሳያውቁት ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ችግሩ ያለው ክንዱ ላይ አይደለም፣ አንጎል ላይ ነው። ስትሮኩ የስሜት መልእክት የሚያልፍበትን መስመር፣ ለምሳሌ ታላመስ የሚባለውን ክፍል፣ ሲጎዳ አንጎል ቀላል ንክኪን እንደ ሕመም ይተረጉመዋል። ብዙ ጊዜ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚጀምር "እየተሻላቸው ሳለ ምን መጣ?" ያሰኛል። አዲስ ነገርም አይደለም። ደዠሪን እና ሩሲ የተባሉ ሐኪሞች ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1906 ጽፈውታል። ያጋንናሉ ለሚሉት ይህን ንገሪልኝ።

ዲክሎፌናክ ያልሠራውም ለዚህ ነው። እሱ ለብግነት፣ ማለትም አካል ሲቆጣና ሲያብጥ፣ ነው፤ እዚህ ብግነት የለም። ደግሞም ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ስትሮክ ለመታው ሰው ጭራሽ አይመከርም። ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትስጧቸው።

ለኔ የታዘዘልኝ አሚትሪፕቲሊን ነው። ሐኪሙ በትንሹ ጀምሮ፣ ማታ ማታ፣ ቀስ እያለ ጨመረልኝ። ወረቀቱ ላይ "ለድብርት" የሚል አንብበው ቤተሰቦቼ ደንግጠው ነበር። ድብርት ስላለብኝ አይደለም፤ የነርቭ ሕመምንም ስለሚያበርድ ነው። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፣ ግን እንቅልፍ ሰጠኝ፣ እሱ ትልቅ ነገር ነው። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል። በዕድሜ ለገፉ፣ የልብ ምት ችግር ወይም ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ላለባቸው ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ሁሉንም ለሐኪሙ ንገሪ። ካልተስማማቸው ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊን ወይም ላሞትሪጅን ሊሞከር ይችላል። ላሞትሪጅን ላይ ሽፍታ ከወጣ ውለው ሳያድሩ ሐኪም ይያቸው። የትኛውንም ደግሞ "ተሻለኝ" ብለው በድንገት እንዳያቆሙ።

አንድ ነገር ግን ለይተሽ ጠይቂያቸው፦ ትከሻቸውን ያማቸዋል? እሱ ሌላ ሕመም ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ። የደከመ ክንድ ትከሻን ወደ ታች ይጎትተዋል። እኛ ደግሞ ሰው ስናነሳ እጁን ይዘን እንጎትታለን፣ ወይ በብብት እናነሳለን። ይህ ይቅር። በደከመው በኩል ቁሚ፣ ወገባቸውን ደግፊ፣ ራሳቸው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ይነሱ። ሲቀመጡ ክንዳቸው ሥር ትራስ አድርጊ፣ ተንጠልጥሎ አይዋል። ወጌሻ ትከሻውን እንዳይጠመዝዝ፤ ለዚህ ፊዚዮቴራፒስት ነው የሚያስፈልገው። ጣቶች ተቆልምመው ከጠነከሩም ለሐኪሙ ተናገሪ፣ ባክሎፌን የሚባል የጡንቻ ማላላቻ አለ።

አፋቸው በድንገት ከተጣመመ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ወይም አዲስ ድክመት ካየሽ ግን ይህን ሁሉ ተይውና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጪ።

ጠበሉን በተመለከተ፣ እሳቸው ከፈለጉ ይሂዱ፣ ማን ይከለክላል። ብቻ በማለዳ ብርድ በዚያ ጎን ላይ እንዳይፈስባቸው ለአጥማቂው አስቀድማችሁ ንገሩ። ይጠጡት፣ ደህናውን ጎን ይቀቡት። የግፊት ኪኒናቸውንም ይዛችሁላቸው ሂዱ፣ እዚያ ሳሉም አንድ ቀን እንኳ እንዳያልፋቸው።