ለጀማሪ ባለሙያዎች፦ መፍትሔው ሌላ ሙያ ውስጥ ሲሆን

ልጆቼ፣

በ1980 እ.ኤ.አ. ጊክ እና ሆልዮክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች አንድ እንቆቅልሽ አቀረቡ። የታማሚው ሆድ ውስጥ በቀዶ ጥገና የማይወጣ ዕጢ አለ። ኃይለኛ ጨረር ዕጢውን ያጠፋል፤ ግን በመንገዱ ያገኘውን ጤነኛ ሥጋም ያቃጥላል። ደካማው ጨረር ደግሞ ሥጋውንም ዕጢውንም አይነካም። መልሱ ደካማ ጨረሮችን ከየአቅጣጫው ልኮ ዕጢው ላይ ማገናኘት ነው። ተማሪዎቹ አስቀድመው ያነበቡት ታሪክ ነበር፦ አንድ የጦር መሪ ሠራዊቱን በየመንገዱ ከፋፍሎ ምሽጉ ላይ በአንድ ጊዜ አገናኘው። «ታሪኩ ይረዳችኋል» የተባሉት አብዛኞቹ እንቆቅልሹን ፈቱት። ሳይነገራቸው ዝምድናውን ያስተዋሉት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

ለእኔ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ያወቅነው ነገር በሚያስፈልገን ሰዓት ብቅ አይልም፤ ጦርነትን ከጦርነት፣ ሕመምን ከሕመም ጋር አስቀምጠነዋልና። ስለዚህ ችግራችሁን ስትጽፉ የዕቃዎቹን ስም ከጽሑፉ አስወግዱ።

ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ የሕንፃው ሦስት የውሃ ፓምፖች እኩል ልነሳ ይላሉ። ሞተር ሲነሳ በሥራ ላይ ሳለ ከሚወስደው እስከ 6 እጥፍ ከረንት ሊስብ ይችላል። ሦስቱንም እየሠሩ በቀላሉ የሚሸከም ጄኔሬተር፣ እኩል ሲነሱበት ይጠፋል። መድኃኒቱ በጊዜ ሪሌይ (ጊዜ ቆጥሮ በሚያበራ ማብሪያ) በየተራ ማስነሳት ነው። ስሞቹን ስታስወግዱ የሚቀረው ይህ ነው፦ ለየብቻ የሚቻል ሸክም በአንድ ቅጽበት ሲመጣ አይቻልም። ከላይ ፎቅ ያለው የሶፍትዌር ባለሙያ (ከጥገና ክፍሉ ጋር ሰላምታ እንኳ የለውም) ይህን ቢሰማ የራሱን ራስ ምታት ያውቀዋል፤ ተቋርጦ የተመለሰን ሰርቨር (ለስልኮች አገልግሎት የሚሰጠውን ማዕከላዊ ኮምፒውተር) በሺዎች የሚቆጠሩ ስልኮች እኩል ሲያንኳኩት መልሶ ይወድቃል።

እንዲህ ያሉ ሁለት ጉዳዮችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ የሚጋሩትን መጻፍ ልመዱ። እነዚያው ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ታሪኮችን ያነጻጸሩ ሰዎች መፍትሔውን ወደ አዲስ ችግር በማሻገር በልጠው ተገኝተዋል።

የሚለያዩበትንም ጠይቁ። ፓምፖቹን አንድ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ያስተናብራቸዋል፤ የሺህ ሰው ስልክ ግን ተራ አስከባሪ የለውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ስልክ በዘፈቀደ የተመረጠ ጥቂት ጊዜ ጠብቆ እንዲሞክር ይደረጋል። የእኛን ሪሌይ እንዳለ ገልብጦ «ሁሉም 5 ሴኮንድ ይጠብቅ» ያለ ሰው፣ ያው ጎርፍ ከ5 ሴኮንድ በኋላ ይደርስበታል።