ማዳበሪያ ብቻውን አያጠግብም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምት ሲቃረብ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይበዛል። ማዳበሪያ፣ ብድር፣ የመሬት ደብተር፣ ሴፍቲኔት። የተወሰኑትን አሳጥሬ ላቅርብ። ረጅም ደብዳቤ የጻፋችሁልኝ አትቀየሙኝ፣ ዋናውን ነጥብ አልተውኩም።

ዱባይ የሚሠራ ወንድማችን ያጠራቀማትን ብር ይዞ ጎጃም፣ አባቱ አገር፣ ሁለት ቃዳ መሬት ሊገዛ ነው። ሻጩ የሩቅ ዘመዱ ነው። «ሽማግሌ ፊት ብንፈራረም ይበቃል ወይ?» ይላል።

አይበቃም! የገጠር መሬት በሽያጭ መተላለፍ ከቀረ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40ም መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ሽማግሌ ቢቀመጥ፣ ምስክር ቢደረደር ያ ወረቀት ፍርድ ቤት አያዋጣህም። ዘመድህ ሐሳቡን የለወጠ ቀን ወይም ልጆቹ የከሰሱህ ቀን ብሩም መሬቱም ከእጅህ ይወጣል። እባክህ ገንዘቡን አትላክ። ማረስ ከፈለግህ በኪራይ ውል ያዝና ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግበው። ለስንት ዓመት መከራየት እንደምትችል የክልሉ ሕግ ስለሚወስን እዚያው ጠይቅ።

«ኤንፒኤስና ዩሪያ ማዳበሪያን በዘር ጊዜ አንድ ላይ ልበትን?»

ኤንፒኤሱን ከዘር ጋር፣ ዩሪያውን ግን ከፋፍለው በተለያየ ጊዜ ይበትኑ። ለቀሪው ልማት ሠራተኛዎን ያማክሩ።

«ለሌማት ትሩፋት ዶሮ የት ነው የምመዘገበው?»

ቀበሌዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት። መከተባቸውን ሳይጠይቁ ጫጩት አይረከቡ።

የሚቀጥለው ደብዳቤ ከአዊ፣ ፋግታ ለኮማ ነው። ጸሐፊው ባሕር ዳር የሚማር ወጣት ነው። አባቱ በዕዳም ቢሆን በየዓመቱ ማዳበሪያ ይገዛሉ። ገብሱ ግን ከዓመት ዓመት እየቀጨጨ ሄደ። ባቄላውማ ጭራሽ እምቢ አለ። ጎረቤቶቻቸው ማሳቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክለው ከሰል ያከስላሉ፤ አባቱም ወደዚያው እያዘነበሉ ነው። «መንግሥት የማዳበሪያ ድጎማውን ቢጨምር አባቴ ገብሱን አይተውም ነበር። ለምን ስለዚህ አትጽፍም?» ይለኛል።

እጽፋለሁ፣ ግን መጀመሪያ ስለ አፈሩ። አባትህን የቸገራቸው የማዳበሪያ ማነስ ላይሆን ይችላል።

ዝናብ በሚበዛበት ደጋ የአፈሩ ካልሲየምና ማግኒዚየም ለዘመናት እየታጠበ ይሄዳል። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ይወጣል፤ ወደ ማሳው የሚመለስ ነገር የለም። ዩሪያም ለዓመታት ሲበተን ነገሩን ያባብሰዋል። እንዲህ እያለ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል። ያኔ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል። ኤንፒኤሱ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስም አፈሩ አንቆ ይይዘዋል፤ ገብሱ አያገኘውም። ስለዚህ አባትህ ተበድረው የገዙት ማዳበሪያ ከማሳቸው ሳይወጣ ባክኖ ይቀራል። ዕዳው ግን አይቀርም።

ይህ የአንድ ቤት ችግር አይደለም። ከሚታረሰው መሬታችን 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ እንደሆነ የዘርፉ ሰዎች ደጋግመው ይጠቅሳሉ። አዊና ጎጃምን፣ ምዕራብ ወለጋን ማየት ይበቃል። አሲዳማ አፈር የሚችሉት ግብጦና እንግዶ የበዙበትን ማሳ ስታይ ገበሬው አፈሩን ከእኛ ቀድሞ እንደመረመረው ትረዳለህ።

መድኃኒቱም ይታወቃል፦ ኖራ። ከዘር በፊት ወር ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይበተንና ከአፈሩ ጋር ይታረሳል። ጥቅሙ ለብዙ ዓመት ይቆያል። ታዲያ ምን ያዘን? አንደኛው ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ ለሄክታር ጥቂት ኩንታል ይበቃዋል። ኖራ ግን እንደ አሲዳማነቱ መጠን ከሃያ ኩንታል ሊያልፍ ይችላል። ደጀን ተፈጭቶ መኪና መንገድ ወደማይገባበት ቀበሌ እስኪደርስ የማጓጓዣው ዋጋ የራሱን የኖራውን ዋጋ ያስረሳል። ያንን ሁሉ ኩንታል ከመኪና መንገዱ እስከ ማሳው በአህያ ማመላለስ አለ፤ ኖራ ደግሞ መሬት ማለስለሻው ወር ላይ ካልደረሰ ለዚያ ዓመት አይሆንም። ሁለተኛው የመሬት ጉዳይ ነው። የሰው ማሳ በእኩል የሚያርስ ገበሬ ለከርሞ ይኑረው አይኑረው በማያውቀው መሬት ላይ ለአምስት ዓመት የሚበቃ ኖራ አያፈስም። አይፈረድበትም።

የፖሊሲያችን ክፍተት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ድጋፍን የምንለካው ወደብ በደረሰ የማዳበሪያ ኩንታል ነው። መርከቡ ጅቡቲ ሲደርስ ዜና ይሆናል። በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጮኸዋል፤ እውነታቸውን ነበር። ማዳበሪያ በወቅቱ መድረስ አለበት፣ ዋጋውም የሚቻል መሆን አለበት። ግን አሲዳማ ማሳ ላይ ድጎማውን ብቻ መጨመር የመንግሥትንም የገበሬውንም ብር አፈር ውስጥ መቅበር ነው። ለማዳበሪያ ከሚወጣው ድጎማ ጥቂቱ ለኖራ ማጓጓዣ ይዋል። የልማት ሠራተኛው ሥራ በበተነው ኩንታል ሳይሆን በተመረመረው ማሳ ይለካ። የምጠይቀው ይህንን ነው፣ ደጋግሜም እጠይቃለሁ።

ዲከረንስ የተከሉትን አልነቅፍም። ዛፉ ለአፈሩ ናይትሮጂን ይሰጣል፣ ከሰሉም ለብዙ ቤት ብር አስገብቷል። ነገር ግን በሽታ ገብቶበት ያዘኑ ሰዎች አሉ። ማሳውን ሁሉ ለአንድ ዛፍ መስጠት ያስፈራል።

አባትህ ዘንድ ስትሄድ እንዲህ አድርግ። ማሳው ውስጥ እየተዘዋወርክ ከብዙ ቦታ እስከ ሃያ ሴንቲ ሜትር ቆፍረህ አፈር ውሰድ። ከአጥር ሥርና ፍግ ከተከመረበት ቦታ አትውሰድ። በንጹሕ ባልዲ ቀላቅለህ አንድ ኪሎ ያህል ለይ። የማዳበሪያ ጆንያ ላይ አትዘርጋው፣ ውጤቱን ያበላሽብሃል። ከዚያ በወረዳው ግብርና በኩል ወደ አፈር ላቦራቶሪ ይላክ። የአሲዳማነቱ መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ ከ5.5 በታች ከሆነ የኖራውን ልክ ባለሙያ ያስላልህ። ይህን አጥብቄ እለምንሃለሁ፦ ሳታስመረምር ኖራ አትግዛ። ልኩን ያለፈ ኖራም ይጎዳል።

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ ደግሞ «የጎዴው ፋብሪካ መጥቶልን የለ? የማዳበሪያ ወሬ አይበቃም ወይ?» ይለናል።

ገና ነው፣ ወንድሜ። ጎዴ ላይ የዩሪያ ፋብሪካ ለመሥራት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነቱ የተፈረመው ነሐሴ 2017 ነው። የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ሥራ ነው፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሏል፣ ለግንባታው የተያዘለት ጊዜ 40 ወር ነው። እስከዚያ ዩሪያው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። ፋብሪካው ሲያልቅ ደስታዬ ነው። ዩሪያ እንደልብ ሲገኝ ግን ኖራውም አብሮ መታሰብ አለበት።

ከደቡብ ወሎ የጻፈችልኝ እህት ባለቤቷ ሳያማክራት ማሳቸውን ለአምስት ዓመት ሊያከራይ ብር ተቀብሏል። ደብተሩ ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶ አለ። «ዝም ልበል ወይስ ልናገር?» ትላለች።

ተናገሪ፣ እህቴ። የጋራ ይዞታ ያላንቺ ፈቃድ አይከራይም። ዛሬ ነገ ሳትዪ ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂጂና ውሉ እንዳይመዘገብ ተቃውሞሽን በጽሑፍ አስገቢ። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይዘሽ ተመለሺ። ሽማግሌ ካለ ጥሩ፣ ግን ከወረቀቱ በኋላ ይሁን። ከዚያ ወዲያ የእኔ ምክር አይበቃሽም፤ የሕግ ባለሙያ ያስፈልግሻል። በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ። ገንዘብ የለኝም ብለሽ እንዳትቀሪ።

አርሲ ያሉ አባት በሬ ለማድለብ ብድር ጠይቀው «የቤት ካርታ አምጡ» ተባሉ። «በሬዎቼስ መያዣ አይሆኑም?» ይላሉ።

በሕግ ይሆናሉ። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ አዋጅ፣ ቁጥር 1147፣ ከብትንም እህልንም ይጨምራል። የ2016ቱ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ደግሞ የመሬት መጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ፈቅዷል። ይህ ማለት ግን ባንኩ የማበደር ግዴታ አለበት ማለት አይደለም። በሬ ይሞታል፣ ይሰረቃል፤ ባንኩ ይህን ይፈራል። ቅርንጫፉ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሌላ ባንክም ይሞክሩ። የሚከፍሉበትን ወር ከገበያው ጋር ያስማሙ። ለፋሲካ የሚሸጥ በሬ ይዘው ክፍያው የካቲት ላይ ከወደቀብዎት በሬውን ሳይደልብ ይሸጡታል።

የመጨረሻው ከሰቆጣ አካባቢ ነው። የጸሐፊዋ እናት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሴፍቲኔት ውስጥ ናቸው፣ ለእርከን ሥራ ድንጋይ ያመላልሳሉ። ካልሠሩ ክፍያው ይቆምብኛል ብለው ይፈራሉ።

ይህ መሆን የለበትም። ፕሮግራሙ በ1997 ሲጀመርም መሥራት የሚችለውን ከማይችለው ለይቷል። ጉልበት ያለው ሠራተኛ የሌለበት ቤት፣ እንደ እናትሽ ያሉ አረጋውያን፣ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙበት ክፍል አለ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ለጊዜው ከሥራው ትወጣለች። ቀበሌው ውስጥ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ አብረሻቸው ሂጂ፣ ስማቸው ወደ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወር ብለሽ ጠይቂ። ቀበሌው ካልሰማሽ ወረዳ ሂጂ። እስከዚያም እናትሽ ድንጋይ አያንሱ። ወገባቸውን ካመማቸው ጤና ጣቢያ ውሰጃቸውና የሐኪሙን ወረቀት ከቅሬታው ጋር አያይዢው።