ቮዬጀር ከፀሐይ ክልል መውጣቷ በምን ታወቀ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከደሴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የናሳዋ የጠፈር መንኮራኩር የቮዬጀር 1 ዋናው የፕላዝማ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1980 ተበላሽቷል ይባላል። ታዲያ ከፀሐይ ክልል፣ ማለትም የፀሐይ ነፋስ ከሚሞላው አረፋ፣ መውጣቷን በምን አወቁ?

መልስ፦ በአንቴናዎቿ ነው የታወቀው፣ ልጄ። ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች አሏት፤ እያንዳንዳቸው 10 ሜትር።

ፕላዝማ ማለት ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ ነው። እዚያ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ትንሽ ሲገፉ፣ ፖዘቲቭ የሆኑት አዮኖች መልሰው ይጎትቷቸዋል። ይመለሳሉ፣ ያልፋሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ። ልክ እንደ ዥዋዥዌ። በተጠጋጉ ቁጥር ደግሞ ይፈጥናሉ። አንቴናዎቹ የሚይዙት ይህንን ውዝዋዜ ነው፤ ስለዚህ ፍጥነቱን ካወቅሽ የኤሌክትሮኖቹን ብዛት አወቅሽ ማለት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ክራር ከሩቅ ስትሰሚ ድምፁ ይደክማል እንጂ ቅኝቱ አይለወጥም አይደል? አንቴናውም እንደዚያው ነው። ቢያረጅ፣ ምልክቱ ቢደክም፣ ድግግሞሹ (በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ) ያው ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚለኩ መሣሪያዎች ግን ገጽታቸው ሲቆሽሽ እንኳ ንባባቸው ይዛባል።

ግን ዥዋዥዌውን የሚገፋ ያስፈልጋል። በማርች 2012 ከፀሐይ የተነሣ ፍንዳታ ከአንድ ዓመት በላይ ተጉዞ እዚያ ደረሰ። ከኤፕሪል 9 እስከ ሜይ 22, 2013 አንቴናዎቹ 2.6 ኪሎኸርዝ አካባቢ ያዙ። ይህ በጆሮ የሚሰማ ድግግሞሽ ነው። ቅጂውን በስልኬ ክፍል ውስጥ ሳሰማ ተማሪዎቼ ጸጥ ይላሉ፤ ቀጭን ፉጨት ነው።

ደብተርሽን አውጪ። ኪሎኸርዙን ለ9 አካፍይ፣ ውጤቱን በራሱ አባዢ። 2.6 ለ9 ሲካፈል 0.29 ገደማ ነው። በራሱ ሲባዛ 0.08፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ያለው የኤሌክትሮን ብዛት ነው። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስቢ። በፀሐይ ክልል ዳርቻ፣ ከውስጥ በኩል፣ እዚያ ውስጥ የሚገኘው አንድ ኤሌክትሮን ገደማ ነው። ይሄኛው ፉጨት ግን 40 ነው የሚለን! ውጪው ከውስጡ እንደሚበዛ አስቀድሞ ይጠበቅ ነበር፤ ስለዚህ መውጣቷ ተረጋገጠ።

የአዮዋ ዩኒቨርሲቲው ዶን ጉርኔትና ባልደረቦቹ የቀደመውን መዝገብ መልሰው ሲያዩ፣ ከኦክቶበርና ኖቬምበር 2012 ደከም ያለ የ2.2 ኪሎኸርዝ ድምፅ አገኙ። ከሁለቱ ተነሥተው ወደ ኋላ ሲያሰሉ መሻገሪያው ኦገስት 2012 ላይ ዋለ። የ2.2ቱን አንቺው አስይው፤ ሃይላንዱ ውስጥ ስንት ኤሌክትሮን ይገባል?